አክስቴ የደበቀችው መድኃኒት

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው መከሩን፤ መክረው ሲያበቁ ግን መድኃኒቱን ደበቁት። እኛም የእነሱ ልጆች ነንና ስሙ የታወቀ ቅጠል ለእኛ ሣር ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ የዳነውን ሰውዬ እንኳ ለብቻው ጠርተን «አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ምን አድርገህበት ነው?» እንለዋለን። እናንተም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱ።

አክስቴ ጥሩነሽ ከአንኮበር ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር የምትኖር ገበሬ ናት። ዕድሜ ልኳን ቀይ አፈር በባዶ እግሯ ስትረግጥ ኖራ ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አበጡ፤ ዝሆኔ የሚሉት ነው። ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ሸተተ። አገሩ «የዘር ነው» ስለሚል ልጇን ለትዳር የሚጠይቅ ጠፋ። እሬት ቀብታለች፣ የብሳና ቅጠል አስራለች፣ እንዶድ ዘፍዝፋለች። ሲጨንቃት እኔ ወዳለሁበት ወደ ደብረ ብርሃን መጣችና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ ያዘዘችላት ነገር ለወሬ እንኳ የሚያሳፍር ነበር፦ እግርሽን ጠዋት ማታ በሳሙና እጠቢ፣ አድርቂ፣ ቫዝሊን ቀቢ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠምጥሚ፣ ጫማ አድርጊ። «ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት?» አለችኝ ስንወጣ። ግን ግትር ናት፤ የጀመረችውን አትተውም። ዓመት ሳይሞላ ስንጥቁ ገጠመ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ሽታው ጠፋ።

መከራው የጀመረው ከዳነች በኋላ ነው። እትዬ ወርቅነሽ የምትባል ጎረቤቷና የማኅበር ጓደኛዋ በዚያው ሕመም የምትሠቃይ ናት። መጥታ «እህቴ፣ ምን አደረግሽበት?» አለቻት። «ሳሙና» አለች አክስቴ። እትዬ ወርቅነሽ ሳቀች። በሌላ ጊዜም መጥታ ጠየቀች፤ አሁንም ሳሙና። ያን ጊዜ አልሳቀችም፣ አኮረፈች። «ሰው እየሞተ ቅጠል የምትነፍግ!» እያለች በየቤቱ ታወራ ጀመር፤ አገሩም አመናት። እስቲ ፍረዱ፤ ሳሙና ከሱቅ ይገዛል፣ ከሱቅ የተገዛ ነገር እንዲህ ያለ እግር እንዴት ያድናል?

አክስቴ የጓደኛዋ እግር ሲብስባት አይታ ዝም ማለት አልሆነላትም። ጠራቻትና ዋሸቻት። «ግራዋ ነው» አለቻት፤ ጋን የሚታጠብበት፣ በየጓሮው የበቀለው ግራዋ! «ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሰው ሳታናግሪ ቁረጪው። ቀቅለሽ ሲበርድ በውሃው ጠዋት ማታ በሳሙና ታጠቢበት። ጨርቁን ቀያይሪ፣ ጫማ አድርጊ። ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ።» ቅጠሉ ሲገባ ሳሙናው ተከትሎት ይገባል ብላ ነው። እኔም ስሰማ በብልሃቷ ተደነቅሁ።

እትዬ ወርቅነሽ ግን ከዚያ ሁሉ ምክር ይዛ የሄደችው ቅጠሉንና ምስጢሩን ብቻ ነው። ሳሙና ኃይሉን ይገድለዋል ብላ ተወችው። ግራዋውን ጥሬውን ወቅጣ ከስንጥቁ ላይ ለጠፈችና በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ ኃይሉ እንዳይወጣ ብላም አልፈታችው አለች። ሲያተኩሳት «እየሠራ ነው» አለች። ሲያንቀጠቅጣት ልጇ ጨርቁን ቀድዳ አየችው፤ ሥጋው ጠቁሯል። በአምቡላንስ ደብረ ብርሃን አደረሷት፤ ሐኪሞቹም ነፍሷን ለማትረፍ አንድ እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት።

አክስቴ ይቅርታ ልትጠይቃት መጣች፤ አልጋዋ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ቀድማ ያለቀሰችው ግን ታማሚዋ ናት።

«ጥሩዬ፣ በማርያም ይቅር በይኝ። ምስጢሩን ለልጄ ነገርኳት። መድኃኒቱን ያረከስኩት እኔው ነኝ።»

«ኧረ ቅጠሉ ውሸት ነው! እኔን ያዳነኝ ሳሙናው ነው፤ እግዜር ያሳይሽ!»

እትዬ ወርቅነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እግሬ ተቆርጦም ትደብቂኛለሽ?»

ሌላዋ እግሯ ከብርድ ልብሱ ሥር እንዳበጠች ነበረች።

ስንወጣ አክስቴ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አስቆመችኝና ሳሙና ገዛች። እኔ ቤት ገብታ በቢላ ፋቀችው፤ ሽታው እንዳይታወቅ ከደረቀ ጤና አዳም ጋር ወቅጣ በነጠላ ቁራጭ ቋጠረችው። በማግስቱ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ዋናው ይኼ ነው። ስሙን አትጠይቂኝ። በውሃ እየበጠበጥሽ ጠዋት ማታ እጠቢበት፣ አድርቂው። አንድ ቀን ከዘለልሽ ይረክሳል» አለቻት።

እትዬ ወርቅነሽ ቋጠሮውን ከደረቷ ለጠፈችው። «አላልኩም ነበር? እጅሽ ላይ ነበር!»

ቀሪዋ እግር ዛሬም አለች፤ እብጠቷም ጎድሏል። አክስቴን ግን አገሩ «የሰው እግር እስኪቆረጥ መድኃኒት የደበቀች» ይላታል፤ ሰላምታ የሚነፍጓትም አሉ። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ፣ እውነቱን ተናግረሽ ለምን አትገላገዪም ብዬ ተቆጣኋት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ከተናገርኩማ መታጠቡን ትተዋለች» አለችኝ፣ ሳሙናውን እየፋቀች።