ለቱቦ የተላከ ሽማግሌ

ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሊመረመር እንዳይመስላችሁ። «ምንም የለብህም» ሊባል ነው የሚሄደው። ምንም የለብህም ያለ ሐኪም እጁ ይባረክ ይባላል፤ «አንድ ምርመራ ይቀረናል» ያለ እንደሆነ ግን ምን ያውቃል እሱ፣ የትናንት ልጅ! መሣሪያውንም የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ደስ ያሰኘን መሣሪያ ዘመናዊ ነው፤ ያስደነገጠን የተበላሸ ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ ቀድቼ ሳይሆን ዶሃ ውስጥ፣ ጋሽ ሰይድ አልጋ አጠገብ ቆሜ ስላየሁት ነው።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። አል ዱሃይል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሹፌር ነበሩ፣ እኔ ደግሞ የጎረቤቱ ቪላ ዘበኛ። የልጃቸው ሠርግ ቀን ተቆርጦ፣ ኒካዋን ሊያስሩ ሻንጣቸውን በሸከፉበት ሳምንት ልባቸው ምቷ ጠፋባት። አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ቀጥ ትላለች፣ ደግሞ ትደናበራለች። «ደስታ ነው» አሉ። «ባባ» የምንለው ኳታራዊ አሠሪያቸው ግን ደስታ እንዲህ ትንፋሽ አያሳጥርም ብሎ መኪናውን ራሱ እየነዳ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ለአንድ ቀን ሹፌሩ ተሳፋሪ፣ ጌታው ሹፌር ሆኑ። እኔም «እንግሊዝኛ ይችላል» ተብዬ ከኋላ ተጫንኩ።

መጀመሪያ ደረታቸውን ጄል ቀብተው ልባቸውን በአልትራሳውንድ ከውጭ አዩት። ሐኪሙ «ከዚህ በኩል የረጋ ደም አይታየኝም» ሲል ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ፣ ኸላስ!» ብለው ሸሚዛቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር። ልብ እንዲህ ስትደናበር ደም የሚረጋው ጓዳዋ ውስጥ ባለች ትንሽ ኪስ ነው፤ ያቺን ኪስ ከደረት በኩል አጥርቶ ማየት ይቸግራል። ሌላ ዘዴ አለ፤ ጫፉ ላይ መሣሪያ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ይገባና ከልብ ጀርባ ሆኖ ኪሷን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ንጹሕ ከሆነች በኤሌክትሪክ ንዝረት ምቷን እንመልሳለን፣ እርስዎም ይሳፈራሉ። የረጋ ደም ካለ ግን ንዝረቱ ወደ አንጎል ይልከውና ጉድ ይሆናል፣ አለን።

«የመጀመሪያው አይቶኛል፣ በቃኝ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እኔ ልጅ ልድር እንጂ ቱቦ ልውጥ አላሰብኩም።»

እንግዲህ እኛ ዘንድ እንቢ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላክበታል። ችግሩ ዶሃ ላይ ሽማግሌ የለም፤ ያረጀ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ አይታደስለትማ! ስለዚህ ገና ሠላሳዎቹን ያላገባደድኩት እኔ፣ አንድ አትክልተኛና አንድ የሱቅ ዘበኛ አስከትዬ ሽማግሌ ሆንኩ። እዚያው ሐኪም ቤት አስተኝተዋቸው ስለነበር በማግስቱ አልጋቸው ግርጌ ተደርድረን ቆምን። ፊሊፒናዊቷ ነርስ ወንበር አመጣች፤ አልተቀመጥንም። ሌላ ጨመረች፤ አልተቀመጥንም። እሺ ሳይባል የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አገር አለ? ነርሷ ሦስታችንም ወገባችንን የታመምን መስሏት አዘነችልን።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

«ለማን ልትለምኑ መጣችሁ?»

«ለቱቦው ነው፣ ጋሼ። ከደህና ቤተሰብ ነው።»

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ካገኘብኝስ? ልጄን ማን ይድራታል?» አሉ። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም አልተቀመጥኩም። «ካልታየም እኮ እዚያው ነው ያለው» አልኳቸው። አትክልተኛው መቆም ሰልችቶት ግድግዳውን ሲደገፍ «እሺ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ቱቦው አገኘባቸው። ኪሷ ውስጥ የረጋ ደም ነበር። ንዝረቱ ቀረ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ታዘዘ፤ ደማቸው እየተለካ ለሳምንታት እዚሁ እንዲቆዩ ተነገራቸው። ሠርጉም አመለጣቸው። ኒካውን በስልክ ለታናሽ ወንድማቸው ወከሉ። ሚስታቸው «ለምን ቀረህ?» ስትል፣ ሙሽራ ቤት የአባት በሽታ አይነገርምና፣ «ባባ ፈቃድ ከለከለኝ» አሏት።

ያን ጊዜ ወሎ እሳት ሆነች። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። መከራ ሆኖ ባባ ቴምርና ጭማቂ ይዞ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ትላለች?» አለኝ በዓረብኛ።

ጋሽ ሰይድ በዓይናቸው ለመኑኝ። «ዱዓ እያደረገችልህ ነው» አልኩ።

«ልጄን ያለ አባት ያስዳረ፣ አላህ እንቅልፍ ይንሳው!» አለች ስልኩ ውስጥ።

ባባ ከዚያ ሁሉ አማርኛ የአላህን ስም ለየና እጆቹን ዘርግቶ፣ ከልቡ፣ «አሚን!» አለ።

ወሎ እርግማኗን አቋረጠች። «ማነው እሱ?»

«አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

«ዕድሜ ይስጠው! ለሰው ኀዘን አሚን የሚል እንዲህ ያለ ደግ አጠገብህ ካለማ እኔም ልቤ ያርፋል።»

«አሁንስ ምን አለች?» አለ ባባ።

ይህኛውን አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት።