ሰባት ላይ የቆመው መርፌ

[በ1963 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ። ከኤረር ሸለቆ ወደ ሐረር በሚወጣው ዳገት ላይ ቲማቲም የጫነ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ያዘግማል። መሪውን የያዘው ሾፌሩ ለገሠ ነው፤ አጠገቡ የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ በለጡ ተቀምጠዋል።]

በለጡ፦ ሰባት ሰዓት ሆኗል እያልኩህ!

ለገሠ፦ ገና ረፋድ ነው እትዬ።

በለጡ፦ እዚሁ ፊትህ ተሰክቶ እያየሁት? መርፌው ሰባት ላይ ነው።

ለገሠ፦ አቦ እትዬ፣ እሱ ሰዓት አይደለም! የጭሱን ሙቀት የሚለካ ነው። ሰባት ማለት ሰባት መቶ ነው።

በለጡ፦ ሰባት መቶ ምን?

ለገሠ፦ ዲግሪ።

በለጡ፦ በስመ አብ! የልጄ የጽጌሬዳ ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ ቢደርስ ሐኪሙ ሦስት ቀን አስተኛት። አንተ ሰባት መቶ የደረሰውን ቲማቲም ታሸክመዋለህ?

ለገሠ፦ ሞተርና ሰው አንድ አይደለም። ይሄ ሙያ ነው። ድሬዳዋ ጋራዥ ሦስት ወር ሙሉ የቆየሁት ለዚሁ ነው።

በለጡ፦ ዘበኛ ሆነህ አይደለም እንዴ?

ለገሠ፦ በሩ ክፍት ነበር፤ ሁሉን አያለሁ!

በለጡ፦ እሺ፣ ወትሮ በዚህ ዳገት መርፌው ስንት ላይ ነው?

ለገሠ፦ አምስት።

በለጡ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

ለገሠ፦ ጭነት ከብዶት ነዋ።

በለጡ፦ ትናንት ድንጋይ ጭነህ አልወጣህም?

ለገሠ፦ ድንጋይ… ድንጋይ አርፎ ይቀመጣል። ቲማቲም ግን ይንከባለላል። ሞተሩ ግራ ይገባዋል።

በለጡ፦ ትናንት ደግሞ ያፏጭ ነበር። ዛሬ ፉጨቱም የለም።

ለገሠ፦ የሚያፏጨው ቱርቦ ነው።

በለጡ፦ ማነው ቱርቦ? ሳትነግረኝ ከኋላ ሰው ጭነሃል?

ለገሠ፦ ሰው አይደለም! ጭሱ ሲወጣ የሚያሽከረክረው ዕቃ ነው። እሱ ሲሽከረከር ከውጭ አየር እየሳበ ሞተሩን ያጎርሰዋል።

በለጡ፦ ዛሬ አላጎረሰውማ።

ለገሠ፦ [እየሳቀ] ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚገባ ነገር አይደለም እትዬ።

[መኪናው ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ዳገቱ ወገብ ላይ ይቆማል። ከኋላ የቲማቲም ውኃ መንጠባጠብ ይጀምራል።]

በለጡ፦ ይኸው! ቲማቲሜ ገበያ ሳይደርስ ወጥ ሆነ! አጥፋውና እንየው።

ለገሠ፦ እንደጋለ አይጠፋም፤ ቱርቦው ይቃጠላል። ቆሞ ትንሽ ይብረድ።

[ይጠብቃሉ። መርፌው ቀስ እያለ ይወርዳል። ለገሠ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ይከፍታል። ወይዘሮ በለጡም ነጠላቸውን አጣፍተው ይወርዳሉ።]

በለጡ፦ ያ የምትለው አየር በየት ነው የሚገባው?

ለገሠ፦ በዚህ ቱቦ።

በለጡ፦ በዚህ ጆንያ በተከናነበው?

ለገሠ፦ አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ያሰርኩት እኔ ነኝ። አቧራ እንዳይገባበት ሁለት እጥፍ አድርጌ፣ በሲባጎ ጥርቅም!

በለጡ፦ አቧራ ካላለፈ አየሩስ በየት ያልፋል?

[ለገሠ ጆንያውን ያያል። ወይዘሮ በለጡን ያያል። እንደገና ጆንያውን ያያል።]

ለገሠ፦ አየር… ቀጭን ነው ብዬ እኮ ነው።

በለጡ፦ ፍታው!

[ይፈታዋል። ሞተሩ ይነሳል፤ ጭሱ ይጠራል። መኪናው እያፏጨ ዳገቱን ጨርሶ ከሐረር ግንብ መግቢያዎች አንዱ የሆነው ኤረር በር ይደርሳል። ቲማቲሙን ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የሚወስደው ነጋዴ ዓብዱላሂ አህዮቹን ይዞ ቆሟል።]

ዓብዱላሂ፦ ወላሂ ቀራችሁ ብዬ ነበር! ምን ገጠማችሁ?

ለገሠ፦ [ደረቱን ነፍቶ] ከባድ ብልሽት ነበር። ሌላ ሾፌር ቢሆን ሞተሩን ያስወርድ ነበር። እኔ ግን የአየሩ ቱቦ በጆንያ መታፈኑን ደረስኩበት።

ዓብዱላሂ፦ ማሻአላህ! እንዴት አወቅህ?

በለጡ፦ እንዴት አያውቅ? ጆንያው ሲታሰር እዚያ የነበረው እሱ ብቻ ነው።