ለቅርጫት ኳስ የተሳልሁት ጃንጥላ

ከቁማርተኛ የባሰ አደገኛ ሰው ማን ነው ብትሉኝ፣ ቁማርተኛን ልምከር ብሎ የሚነሣ ነው! ቁማርተኛውስ ቢያንስ የት እንደሚገባ ያውቃል። መካሪው ግን መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይገባል... መቼ እንደገባ አያውቀው፣ በየት እንደሚወጣ አያውቀው። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። ከመጽሐፍ ባገኘው ኖሮማ ምን ጎድሎኝ!

እኔ እንደምታውቁኝ ዝምተኛ ሴት ነኝ። እዚህ ሰቆጣ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ሥራዬም ዝም ማለትና ዝም ማሰኘት ነው። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ሲነቅሉ፣ በእኔ ላይ ሽማግሌ ይላክብኝ ነበር! ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለው፤ የጀመረውን ነገር እስከ ጥጉ ካላወቀ እህል አይበላለትም። እኔ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ቆማ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ ይውላል።

የታናሽ እህቴ የዝናሽ ባል ኪሮስ ባጃጅ ይነዳል። ሣቂታ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው... አንዲት ነገር ብቻ! እሷም የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ናት። እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል፤ እኛ ወደ ሥራ ስንወጣ እነዚያ ረጃጅሞች የመጀመሪያውን አጋማሽ ጨርሰው ለዕረፍት ይገባሉ። ያኔ ኪሮስ ባጃጁን ጥግ ያስይዝና ስልኩ ላይ ይደፋል። ጨዋታው ሳይጀመር መወራረድ የጀማሪ ነው ባይ ነው፤ የእሱ ውርርድ በዕረፍት ሰዓት፣ ግማሹን ዓይቶ ነው። አንድ ጧት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል ጭኖ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆሞ፣ "እህቴ፣ አንዴ ብቻ ታገሺኝ፣ ዕረፍቱ ሊያልቅ ነው" አላት አሉ። ደግነቱ ሴትየዋ የሰደበችው ስድብ ከባጃጁ ሞተር ይልቅ አፈጠነውና በሰላም ደርሳ ተገላገለች።

ይህን የሰማች እህቴ እያለቀሰች መጣች። "እታለም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ትዳሬ ሊፈርስ ነው፤ ምከሪልኝ።"

ሄድሁ። መነጽሬን አስተካከልሁ።

"ኪሮስ፣ ይኼ ነገር ዕድል ነው፤ ዕውቀት የለበትም" አልሁት።

"እታለም ይሙቱ! እኔኮ ስልት አለኝ።"

"ምን ዓይነት ስልት?"

"በዕረፍት ሰዓት የሚመራውን እይዛለሁ።"

"ሲሸነፍብህስ?"

"በማግሥቱ የተመራውን እይዛለሁ።"

"እሱም ሲሸነፍብህ?"

"ያኔማ ዳኛው ነው!"

እንግዲህ እዚህ ላይ ስቄ መነሣት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ትነሡ ነበር። እኔ ግን ያ "ስልት" ያለው ነገር እንደዚያች ነጠላ ሰረዝ ሆዴን ቆረጠኝ። ስልት ማለት እንዲህ ነው እንዴ? ቤቴ ገብቼ ስለ ቅርጫት ኳስ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ኳስ በእጄ ነክቼ የማላውቅ ሴት በሳምንቱ ጠቢብ ሆንሁ! ተመልሼም ለኪሮስ አስተማርሁት።

"ማን እንደመራ አትይ፤ እንዴት እንደመራ እይ። ከሩቅ እየወረወረ በመሰካት የመራ ቡድን አይታመንም። የሩቅ ውርወራ እንደ መብራታችን ነው፤ ሲመጣ ከተማው ሁሉ እልል ይላል፣ ሲጠፋ ግን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ቅርጫቱ ሥር ገብቶ የሚያገባው ግን ከዕረፍት በኋላም ያገባል። ቀጥለህ ትልቁን ተከላካይ እይ፤ ጥፋት በዝቶበት ወንበር ላይ ከተቀመጠ ቤቱ በር የለውም ማለት ነው። በመጨረሻ ትናንት የተጫወተው ማን ነው በል፤ የደከመ እግር የሚታወቀው ከዕረፍት በኋላ ነው።"

ኪሮስ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከዚያ፣ "ይህን ሁሉ ካወቁ ታዲያ... እንወራረዳ!" አለኝ።

"እኔ? ከአንተ ጋር?"

"ይፈራሉ እንዴ? እርስዎ በዕረፍት ሰዓት ይምረጡ። ከተሳሳቱ ለገና የሚያደልቡት በግ የእኔ ነው። ልክ ከሆኑ፣ በልጆቼ ስም እምላለሁ፣ ውርርድን ዳግም አልነካትም።"

አያችሁ ወጥመዱን? በአንድ በኩል የእህቴ ትዳር፣ በሌላ በኩል በጌ። ይህ በግ ደግሞ በግ ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ብቸኛው ፍጡር ነው። ሰውን ከውርርድ ለማውጣት መወራረድ ያስኬዳል አያስኬድም ብዬ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላስብ፣ "እሺ!" አልሁ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ድፍረቱ!

በጨዋታው ቀን በጧት እነ ዝናሽ ቤት ተሰበሰብን። ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፈን ተቀመጥን። አረንጓዴ ለባሾቹና ነጭ ለባሾቹ ነበሩ። ዕረፍት ሲሆን አረንጓዴዎቹ በሰፊው ይመራሉ። እኔ ግን ምርመራዬን አካሄድሁ፤ ያገቡት ሁሉ ከሩቅ ነው፣ ትልቁ ሰውዬአቸው ጥፋት ሞልቶበት ፎጣ ለብሶ ተቀምጧል፣ ትናንትም ሌላ ከተማ ተጫውተው ነው የመጡት። ሦስቱም ገጠመ!

"ነጮቹ!" አልሁ።

ኪሮስ ከሣቁ የተነሣ ሻዩ ትን አለው። "እታለም፣ በጉን እኔ ልምጣና ልውሰደው ወይስ ራስዎ እየጎተቱ ያመጡልኛል?"

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ነጮቹ መቅረብ ጀመሩ፤ እኔም መኩራት ጀመርሁ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን ያ የጠፋው መብራት ይመጣ የለም! አረንጓዴዎቹ ከሩቅ ሲወረውሩ ገባ፣ ደግመው ሲወረውሩ ገባ። በጌ ዓይኔ ላይ መጣ፤ የእህቴ ዕንባም መጣ። "ዕድል ነው፣ ዕውቀት የለበትም" ያልሁት እኔ፣ ሦስት ሕግ ያወጣሁት እኔ፣ እጄን ዘርግቼ ተነሣሁ።

"ቅዱስ ሚካኤል ሆይ! እነዚህን ነጭ ለባሾች ብታሸንፍልኝ ለኅዳር በዓልህ ጃንጥላ አስገባለሁ!"

በሆዴ ያልሁት መስሎኝ ነበር። ዝናሽ "አሜን!" ስትል ነው ጮክ ማለቴን ያወቅሁት።

ኪሮስ ዞር ብሎ አየኝና፣ "ይኼኛው... አራተኛው ስልት ነው?" አለ።

ልክ በዚህ ሰዓት ኔትወርኩ ሄደ! ሦስታችንም ተያይተን ወደ ባጃጁ ሮጥን። ኪሮስ ምጥ ለያዛት ሴት ያልነዳውን አነዳድ ነድቶ ኔትወርክ የሚይዝበት ዳገት ላይ አወጣን። ስልኩ አሰበ፣ አሰበ... ነጮቹ በአንድ ነጥብ አሸንፈዋል! ዝናሽ እልል አለች። ኪሮስ የውርርዱን መተግበሪያ እዚያው ፊታችን ከስልኩ አጠፋው። ወንድ ልጅ በቃሉ ቆመ።

እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ስለት ተስሎ ዝም የለ! የጃንጥላውን ከፈይ ጨርቅ ከወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ ገዝቼ፣ አሰፍቼ፣ በበዓሉ ቀን ይዤ ሄድሁ። አቀብዬ ሹልክ እላለሁ ብዬ ነበር። ለካስ ስለቱ የሰመረለት ሰው እየወጣ ይመሰክራል! ድምፅ ማጉያውን የያዙት መሪጌታ ጠሩኝ። "እኅታችን፣ ስለ ምን ነበር የተሳሉት? ለምእመናን ይንገሩ።"

ዕድሜዬን ሙሉ "ዝም በሉ!" ስል የኖርሁ ሴት ዛሬ ሰቆጣ ሁሉ ዝም ብሎ እኔን ይጠብቃል። በታቦቱ ፊት መዋሸት አይሆንልኝም። "ስለ ነጭ ለባሾች" ብል ደግሞ መላእክት መስለዋቸው እንዘምር ይላሉ።

"አንድ ሰው... ከውርርድ... እንዲወጣ ነው" አልሁ። እውነት ነው፤ ትንሽ ተከርክሟል እንጂ።

ደጀ ሰላሙ በእልልታ ተናወጠ። ይባስ ብሎ ኪሮስ ከባጃጅ ነጂዎቹ መካከል እጁን አውጥቶ፣ "ያ ሰው እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። እናቶች አለቀሱ። እኔን ለመሳም ተሰለፉ።

ሰኞ ጧት ቤተ መጻሕፍቱን ስከፍት ወይዘሮ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመዋል።

"የእኔም ልጅ ገብቶበታል። የአማችሽን ነገር ሰማሁ። በምን አወጣሽው?"

ለእሳቸውም መዋሸት አቃተኝ፤ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኋቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ "እኔ አልወራረድም፤ ሐራም ነው" አሉ። "አንቺ ግን ከልጄ ጋር ተወራረጂልኝ።"

ምን ልበል? የእናት ልመና ነው። በጉን እንደገና አስያዝሁ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ እናት፣ ከእሷ በኋላ ሌላዋ...

ኪሮስ ዛሬ በማለዳ፣ ዕረፍቱ ሳይደርስ፣ ቤቴ መጣ። ፊቱን አጨፍግጓል። ስልኬ የስኳር ጣሳ ተደግፎ ቆሟል፤ በጉ በር ላይ ያመሰኳል።

"እታለም፣ ዝናሽ ናት የላከችኝ። ተጨንቃለች። ይቅርብዎ፤ ይኼ ነገር ዕድል ነው፣ ዕውቀት የለበትም።"

"እኔኮ ስልት አለኝ" አልሁት።

ኪሮስ ወደ በሩ አየ። ወደ ስልኩ አየ። ከዚያ በርጩማዋን ስቦ ከጎኔ ቁጭ አለና፣

"ምን ዓይነት ስልት?" አለኝ።