ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ሰማያዊ

የቡፌያችሁ ቁልፍ የት ነው? አይዟችሁ፣ ልሰርቃችሁ አይደለም። ውስጡ ያሉትን ብርጭቆዎች ስለማውቃቸው ነው የምጠይቀው፤ ከንፈራቸው ወርቅ የተቀባ፣ ከተገዙ ጀምሮ ውሃ ቀምሰው የማያውቁ። የእንግዳ ናቸው። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ «እንዳይሰበሩ» ተብሎ በፕላስቲኩ ይቀዳለታል። ሶፋውንም ሪሞቱንም በላስቲክ ጠቅልለን፣ ደህና ደህናውን ለማይመጣ ቀን አስቀምጠን እንኖራለን።

የእኔ ቤት ቡፌ ደግሞ ከብርጭቆ አልፎ ቀለም ቆልፎ ነበር። አዳማ ውስጥ በውሃ ቀለም የምሥል ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከተማችን ሰማያዊ አጥታ አታውቅም፤ ባጃጁ ሰማያዊ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ሰማያዊ፣ ጀሪካኑ ሰማያዊ። እኔ ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን ሰማያዊ አመድ ይሆናል። ጥፋቱ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ቀለም ነው እያልኩ ነጋዴውን ሁሉ ስረግም ኖርኩ።

ታዲያ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ለሥራ ውጭ አገር ደርሳ ስትመለስ፣ የጥርስ ሳሙና ልጆች የሚመስሉ ትንንሽ የቀለም ቱቦዎች አመጣችልኝ። ሁሉም ሰማያዊ! አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ አንዱ ደግሞ ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ፍሬ ፍሬ የሚል። ከእያንዳንዱ ጠብታ ሞክሬ ብቻዬን ሳቅኩ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ዘመኔ!

«ይሄማ እንዲህ በዋዛ አይነካም» አለችና ባለቤቴ አስቴር ወስዳ ከብርጭቆዎቹ ጎን ደረደረቻቸው።

«እንግዳ ቀለም አይጠጣም!» አልኳት።

አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ልቤ ተስማምቶ ነበር። ቱቦዎቹ እስካልተከፈቱ ድረስ የማበላሸው ሥዕል የለማ! ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን ለጸሎት የሚሰበሰቡት ሰዎችም ከአሜን በኋላ በመስታወቱ አሻግረው ያደንቃሉ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ አንገታቸውን አስግገው «ባዬ ባሬዳ!» ይላሉ፤ በጣም ያምራል ማለታቸው ነው። የሚያዩት ቱቦውን ነው። ሰማያዊውን ማን አየው?

በዚህ መሃል ዓይኔ ከዳኝ። ሐኪሟ «ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሣል» አለችኝ። ይነሣል ማለት ለእሷ ቀላል ነው፤ ዓይኑ ግን የኔ ነው። ፈራሁ። ከምንም በላይ የፈራሁት ያ ሰማያዊ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ እኔ ጨለማ ውስጥ መቅረቴን ነበር። ቤት ስደርስ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

«አስቴር፣ ቁልፉን አምጪ።»

«ምን አስቸኮለህ? ስትድን ትሥልበታለህ።»

«ባልድንስ?»

ቁልፉን ከራስጌዋ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ሶደሬ ወርጄ አዋሽ ዳር ተቀመጥኩ። ወረቀቱን በውሃ አርሼ ብሩሹን ገና ሳሳርፈው ሰማያዊው በየአቅጣጫው ፈሰሰ፤ ከግራር ዛፎቹ በላይ ሰማዩን ሁሉ ወሰደው። ደበዘዘብኝ፤ ጨመርኩ። አሁንም ደበዘዘብኝ፤ አሁንም ጨመርኩ። ዛሬ አልሰስትም ብዬ ወስኛለሁና ቱቦዎቹን ከሥር ጀምሬ ጨመቅኳቸው።

ቀዶ ጥገናው ሠመረ። ፋሻው የተነሣ ዕለት ክሊኒኩ በር ላይ ባጃጅ ሲያልፍ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ባጃጅ እንዲህ ሰማያዊ ነበር እንዴ? ሐኪሟ ሳቀች፤ «ሞራ ሰማያዊን ቀስ እያለ ነው የሚሰርቀው፣ ባለቤቱ አያውቅም» አለችኝ። ያ ሁሉ እርግማን ያረፈባቸው ነጋዴዎች ይቅር ይበሉኝ።

ቤት ገብቼ የሶደሬውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አየሁት። ሰማዩ ከልክ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ይጮሃል! አፍሬ ላወርደው እጄን ስዘረጋ አስቴር ያዘችኝ።

«ተወው። የኛ ሰማይ እንዲህ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የማየው ይሄንኑ ነው። አንተ ነህ አመድ ስታደርገው የኖርከው። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቁጭ ብዬ የቱቦዎቹን ትራፊ መጭመቅ ጀመርኩ። ብሩሽ መንከሪያ ውሃ ስጠይቃት ቡፌውን ከፍታ፣ ከነተለጣፊ ወረቀቱ፣ ባለወርቅ ከንፈሩን ብርጭቆ ሞልታ አቀረበችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ቡፌያችን አይቆለፍም። ባለፈው ሐሙስ ለኦቦ ቶላ ውሃ የተቀዳላቸው በዚያው ብርጭቆ ነው። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ትኩር ብለው አዩትና «አስቴር፣ ውሃው ሰማያዊ ሰማያዊ አይልም?» አሉ።

ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠጡት።