«ምን አየሽ?» ባዩ ጋሽ ጀላል

በየሰፈሩ ሰው ካልፈተነ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሽማግሌ አለ። መንገድ ላይ ያስቆማችኋል፣ ይጠይቃችኋል፣ መልሳችሁም አያረካውም። ከትምህርት ቤት ብታመልጡ ከእሱ አታመልጡም። እኔ ከሰባተኛ ክፍል አምልጬ ነበር። ማቋረጤ ካተረፈልኝ ጥቂት ነገር አንዱ ማንም ተነስቶ «መልሺ» የማይለኝ መሆኑ ነው ብዬ ስጽናና ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቤቴል ታክሲ ሰልፍ ላይ ጋሽ ጀላል እጅ ወደቅሁ።

ክቡርነታቸው መርካቶ መጋረጃ ሲሸጡ ኖረው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ሲለቁ የሰማዩን መጋረጃ ልግለጥ ብለው የተነሱ ሰው ናቸው። ቴሌስኮፓቸውን ሰፈሩ «ቦይለሩ» ይለዋል። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሦስት እግር አለው፤ ቁልፍ ሲጫኑት እያቃሰተ ኮከቡን ራሱ ይፈልጋል። የሚተክሉት ሰው በሚዝናናበት ቦታ እንዳይመስላችሁ። ወደ አየር ጤና የምንሄድ ሰዎች ታክሲ የምንጠብቅበት ሰልፍ አጠገብ ነው። ለምን እዚህ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሰልፍ ላይ ያለ ሰው አይሸሽም» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ክሊኒክ አንሶላ ሳጥብ ውዬ፣ እግሬ አብጦ ወዴት እሸሻለሁ?

ተራ አስከባሪው ሰብስቤ ግን አይለቃቸውም። «ሳተርን፣ ሳተርን፣ አንድ ሰው የቀረው። ጋሽ ጀላል፣ ትርፍ ይጭናሉ እንዴ?»

«አንተን አልጭንም። እዚያም ደርሰህ ሰው ታሰልፋለህ።»

ማየቱ ቀላል ነው። መከራው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ቀና ሳትሉ ጆሯችሁ ሥር ይመጣሉ።

«ምን አየሽ?»

«ኮከብ።»

«ምን ዓይነት?»

«የሚያበራ።»

«ቀለሙስ? ቀለበቱስ? ግራ ቀኙ ምን አለ?»

ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለው። ሽማግሌ በብርድ ቆሞ ሰማይ በነጻ እያሳየ «አልታየኝም» ማን ይላል? ሁሉም «እንዴት ያምራል ጋሼ» ብሎ ይገላገላል። በዚህ መልስ ፊታቸው ይጠቁራል። በሆዴ «የማይጠግብ መምህር» እላቸው ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ከፊቴ የፋርማሲዋ ልጅ ሄቨን ነበረች። አጎንብሳ አየችና «ዋው ጋሼ፣ ቀለበቱ ሲያምር» አለች። ከእሷ በፊት የነበሩትም እንደዚያው ብለዋል። ተራዬ ደርሶ አጎነበስኩ። ድፍን ጨለማ። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ደገምኩ። ያው ነው።

«ምን አየሽ፣ ሰርኬ?»

ደክሞኝ ነበር። መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል። «ምንም የለም ጋሽ ጀላል። የተከደነ ድስት ውስጥ እንደማየት ነው።»

ሰብስቤ መጥቶ የቱቦውን ጫፍ ዳበሰና ሳቁን ለቀቀው። «ክዳኑ አልተነሳም እኮ።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሄቨን ስልኳን መነካካት ጀመረች።

ጋሽ ጀላል አልሳቁም። ታክሲ መጥቶ ሰው ሲገባ እጄን ያዝ አደረጉኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ።

«ዳር ዳሩን አያለሁ። መሃሉ ግን ከጠፋብኝ ከረመ። አንቺን ስመለከት ነጠላሽ አለ፣ ፊትሽ የለም። ሳተርንም የለም። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ያየ ሰው ይነግረኛል ብዬ ነው እዚህ የምወጣው። ሰው ግን ‹ያምራል› ብሎኝ ይሄዳል።»

ፈተና የመሰለኝ ለካ ልመና ነበር።

ታክሲው ያለ እኔ ሄደ። ክዳኑን አንስቼ አጎነበስኩ።

«ትንሽ ናት። እንደ ቅቤ ቢጫ ትላለች።»

«ሌላስ?»

«ቀለበት የላትም።»

ሰባተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ።

«በደንብ እዪ።»

«አለ፣ ግን ቀለበት አይደለም። ክር ነው። መሃሏን በስቶ በግራና በቀኝ የወጣ ቀጭን ክር።»

ጋሽ ጀላል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ልክ ነሽ። ዘንድሮ በጎኑ ዞሮብን ነው። በየአሥራ ምናምን ዓመቱ እንዲህ ይቀጥንና ተመልሶ ይከፈታል።»

«ልክ ነሽ» የተባልኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠራ ቁጥር እኔ አይቼ እናገራለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሰብስቤ «ረዳት ቀጠሩ እንዴ?» ይላል። ሌላው ተሰላፊ አሁንም «ያምራል» ይላቸዋል። ክሊኒክ ሆኜ አንሶላ ሳሰጣ ቀና ብዬ ደመናውን አያለሁ፤ ምሽቱ ይናፍቀኛል።

ቀለበቱ በሰፊው እስኪከፈት ገና ዓመታት ይቀሩታል። በቀደም፣ ጥር ላይ፣ «ሲከፈት እኔ ባልኖርስ፣ ሰርኬ?» አሉኝ።

«ይኖራሉ ጋሼ» ማለት እንደ «ያምራል» ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «አላውቅም ጋሽ ጀላል» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ታዲያ ዛሬ ምን አየሽ?»

አጎነበስኩ። ሰብስቤ ከኋላዬ «አየር ጤና፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። የጎደለችው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። እንዲሆን የምመኘውን እንዳልነግራቸው ፈርቼ ደግሜ አየሁ፣ ሠልሼ አየሁ።

«ወፍሯል» አልኩ። «ክር የነበረው ሲባጎ ሆኗል።»