ከድሩ የሞተሩን ውሃ ሲቀይር

ከድሩ፦ አረንጓዴ ነው አልኩህ!

ታመነ፦ ቀይ የለውም?

ከድሩ፦ ቀዩ የመኪና ነው። የሞተር ሳይክል ኩላንት፣ ማቀዝቀዣ ውሃው፣ አረንጓዴ ነው። ዓለም ገና ውስጥ ይህን የማያውቅ ካንተ በቀር አንድ ሰው አይገኝም።

ታመነ፦ ሞተሩ ራሱ ቀይ ቢሆንም?

ከድሩ፦ ቀለሙ ምን አገናኘው? አንተ ቀይ ሸሚዝ የለበስክ ቀን ቀይ ውሃ ነው የምትጠጣው?

[ጊዜው ታኅሣሥ 2008፣ ቦታው ዓለም ገና፣ የከድሩ ግቢ ነው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ተቃውሞ ከተነሳ ወዲህ የጅማ መንገድ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም፤ ሱቅ ተዘግቷል፤ ታመነ የሚሠራበት ፋብሪካም በሩን ከቆለፈ ሰንብቷል። ከድሩ ባለሱቅ ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እሱ ራሱ ገና አልሰማም። ታመነ ደግሞ ከደቡብ መጥቶ የከድሩን የጓሮ ክፍል የተከራየ ሰው ነው። ጥያቄ ስለሚያበዛ ሰፈሩ አእምሮው ቀስ ብሎ የሚነሳ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱ በአንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ግራና ቀኝ ቁጢጥ ብለዋል።]

ታመነ፦ ታዲያ አረንጓዴውን ከየት እናመጣለን? ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የለ?

ከድሩ፦ እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ! ኩላንት ቢገኝ ኖሮ ይሄኔ ተጂ ደርሼ፣ አማቴን ከኋላዬ ጭኜ፣ ወደ ቤት ፊቴን አዙሬ ነበር።

ታመነ፦ ትናንት መስጊዱ በር ላይ የተናገርከውስ?

ከድሩ፦ ምን ተናገርኩ?

ታመነ፦ «ነገ ከዙህር በፊት አማቴን ከተጂ ካላመጣኋት ከድሩ ብላችሁ አትጥሩኝ» አላልክም?

ከድሩ፦ ብያለሁ። የወንድ ልጅ ንግግር ነው፣ ምን ችግር አለው?

ታመነ፦ ካላመጣሃቸው ታዲያ ማን ብለን እንጥራህ?

ከድሩ፦ ማን አላመጣም አለህ? ያ ሰላሃዲን፣ ጎረቤት ተብሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት «መንገዱ ላይ ድንጋይ አለ» ይለኛል! «ድንጋይ አይቶ የማያውቅ ሰው መሰልኩህ?» አልኩታ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ብቀር የሰፈሩ መሳቂያ እሆናለሁ።

[ታመነ ሰረቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያያል። ከመጋረጃው ጀርባ የከድሩ ሚስት ራቢአ ቆማለች። ገና ጎህ ሲቀድ ታመነን በአጥሩ በኩል ጠርታ፣ «እናቴ ተጂ እህቷ ዘንድ ናት፤ በልታ ጠጥታ ተቀምጣለች። መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ትክረም። ባሌ ግን በምላሱ የተነሳ ድንጋይ እንዲያገኘው አልፈልግም። እባክህ እስከ እኩለ ቀን ያዝልኝ» ብላዋለች። ታመነ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ውሸት የማይደፍር ሰው ነው። አስቦ አስቦ፣ መጠየቅ መዋሸት አይደለም ብሎ ወሰነ። ከድሩ ሞተሩን ሊያስነሳ እግሩን ሲያነሳ ጊዜ በአፉ የመጣለትን፣ «ውሃው አይቀየርም እንዴ?» አለው። ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ውሃ የሚባል ነገር በውስጡ ኖሮ አያውቅም። በየሳምንቱ የሚያጥበው ታመነ ይህን ያውቃል። ከድሩ ይስቅብኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ከድሩ ከሞተሩ ላይ ዱብ ብሎ ወረደ፤ ሁለቱ ቁጢጥ ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው።]

ከድሩ፦ እንደውም በደህና ጊዜ ነው ያስታወስከኝ። ከተቀየረ ቆይቷል።

ታመነ፦ መቼ ነበር የተቀየረው?

ከድሩ፦ ቆይቷል አልኩህ።

ታመነ፦ ማን ነበር የቀየረልህ?

ከድሩ፦ አንተ መርማሪ ነህ? ቁልፉን አቀብለኝ።

ታመነ፦ ውሃው ያለው በየት በኩል ነው?

ከድሩ፦ ውስጥ።

ታመነ፦ ውስጥ የት?

ከድሩ፦ ውስጥ ነዋ! ውጭ ቢሆንማ ዝናብ ይባል ነበር።

ታመነ፦ መኪና ላይ ከፊት ለፊት ወንፊት የመሰለ ነገር የለም? ራዲያተር አይሉትም? እዚህ ላይ የታለ?

ከድሩ፦ [የሞተሩን ፊት ያያል፤ ኋላውን ያያል፤ ቀጥሎ ሰማይ ሰማይ ያያል] ይሄ አዲስ አሠራር ነው። ሌባ እንዳይፈታው ደብቀውታል። ኢንተርኔቱ ባይዘጋ ዩቱብ ላይ አሳይህ ነበር።

ታመነ፦ ሞተሩ አሮጌ አይደለም እንዴ?

ከድሩ፦ ሲሠራ አዲስ ነበር!

[ከድሩ ሳፋ አስጠግቶ ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለውን ቡሎን ይፈታል። ጥቁር ወፍራም ነገር እየተዝለገለገ ይወርዳል።]

ከድሩ፦ አየህልኝ? ውሃው እንዴት እንደቆሸሸ አየህ?

ታመነ፦ ውሃ እንዲህ ይወፍራል?

ከድሩ፦ ተቀምጦ ነው የወፈረው። አንተስ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ አልወፈርክም?

ታመነ፦ [በጣቱ ነክቶ ያሸታል] ዘይት ዘይት አይልም?

ከድሩ፦ ከዘይቱ ጋር አንድ ግቢ ነዋ የሚኖሩት። አንተስ ክፍልህ ገብተህ ከወጣህ በኋላ የራቢአን ወጥ አትሸትም?

ታመነ፦ አሁን እንግዲህ ውስጡን ልጠበው? [ባልዲውን አንስቶ ጥቁሩ ነገር ወደሚሞላበት ቀዳዳ ያዘነብላል]

ከድሩ፦ [እየጮኸ እጁን ይይዘዋል] ኧረ ተው! ኧረ ገደልከው! እዚያ ውስጥ ጠብታ ውሃ እንዳታስገባ!

ታመነ፦ ውሃ ልንቀይር አይደል?

ከድሩ፦ [ትንፋሹን እየሰበሰበ] አዎ... የምንቀይረው ግን... ከውጭ ነው።

ታመነ፦ ቅድም ውስጥ ነው አላልከኝም?

ከድሩ፦ ውስጡ የሚታጠበው በውጭ በኩል ነው። ይህን ሽንሽን ብረት ታያለህ? በሱ ላይ ታፈሳለህ፤ ቅዝቃዜው የራሱን መንገድ ያውቃል።

[ታመነ ግራ ይገባዋል። የሚያውቀው ከድሩ ይህን ያህል ሞኝ አልነበረም። ራቢአ ግን በመስኮቱ እጇን እያርገበገበች «ቀጥል» ትለዋለች። የግቢው ቧንቧ ደርቋል፤ ባልዲውን ይዞ ማዶ ጎረቤታቸው ቦሰና ቤት ሄዶ ቀድቶ ይመለሳል፤ ያፈስሳል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል።]

ታመነ፦ ቦሰና «የምታጠጡት ሞተር ነው ግመል?» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ከድሩ፦ የሴት ነገር አትስማ። ጥርት ብሎ እስኪወርድ አፍስስ።

ታመነ፦ መጀመሪያም ጥርት ብሎ አይደል የወረደው?

ከድሩ፦ ይበልጥ ጥርት ብሎ!

ታመነ፦ እኔ የምለው ከድሩ፣ በዚህ በማስተር ፕላኑ ዓለም ገና አዲስ አበባ ትገባለች የሚሉት እውነት ነው?

ከድሩ፦ እሱን እኔን ጠይቀኝ። ካርታው ላይ አለ።

ታመነ፦ ካርታውን የት አየኸው?

ከድሩ፦ ያየው ሰው አይቻለሁ።

ታመነ፦ ታዲያ እኛ ከዚህ ሳንነሳ ነው እዚያ የምንገባው?

ከድሩ፦ ቤቱ እዚሁ ይቀራል፤ አድራሻው ብቻ ይሄዳል።

ታመነ፦ የገበሬው መሬትስ?

ከድሩ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] መንገድ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ሁሉ እኮ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። አንተ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ተባብረህ ታፋጥጠኛለህ? አፍስስ ዝም ብለህ።

ታመነ፦ ከድሩ፣ ይሄ ሞተር ውሃ አለው? «ወላሂ» ትላለህ?

ከድሩ፦ [ደንገጥ ብሎ] ለሞተር ውሃ ወላሂ አይባልም!

ታመነ፦ ለምን?

ከድሩ፦ ነውር ነዋ!

[ከመስጊዱ የዙህር አዛን ይሰማል። ከድሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሶላቱን ግቢው ጥግ ሰግዶ ከጨረሰ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰላሃዲን አጥር ያዞራል።]

ከድሩ፦ [አጥር እንዲሻገር አድርጎ] አይ ኩላንት! አይ ኩላንት! ወንድን ልጅ በዚህ ቀን ታስቀረው? ሰላሃዲን፣ ሰምተሃል? ኩላንት ነው ያስቀረኝ!

[ከአጥሩ ወዲያ ሳል ብቻ ይሰማል። ታመነ እፎይ ይላል፤ እኩለ ቀን አለፈ፤ ሰውየው ዳነ። ባልዲውን ደፍቶ ይቀመጥበታል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠይቅ ውሎ፣ አሁን ጥያቄ ያልሆነ ነገር ሊናገር ነው።]

ታመነ፦ ከድሩ፣ ይቅር በለኝ። ይህ ሞተር ውሃ የለውም።

ከድሩ፦ አሁን አፍስሰን ጨረስነው እኮ።

ታመነ፦ ድሮም አልነበረውም። ነፋስ ነው የሚያቀዘቅዘው። ራቢአ ናት ያዝልኝ ያለችኝ። ግን አልዋሸሁህም፤ ከጠዋት ጀምሮ ስጠይቅህ ብቻ ነው የዋልኩት።

ከድሩ፦ [ቁልፉን በጨርቅ እየጠረገ] ታመነ።

ታመነ፦ አቤት።

ከድሩ፦ ይህን ሞተር ገና ራቢአን ሳላገባ ጀምሮ ነው የምነዳው። ውሃ እንደሌለው የማላውቅ ይመስልሃል?

ታመነ፦ ታውቃለህ?!

ከድሩ፦ ዘይቱን ለምን አፈሰስኩት ታዲያ? ያለ ዘይት ሞተር የሚነዳ እብድ ብቻ ነው፤ ሱቅ ደግሞ ዝግ ነው። እንግዲህ ማን «ለምን ቀረህ» ይለኛል? ሌሊቱን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ አድሬ አንድም አጥቼ፣ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ሞተሩ ላይ ስወጣ፣ አንተ «ውሃው አይቀየርም እንዴ?» አትለኝም! ልቤ አልሃምዱሊላህ አለ። ወንድሜ፣ በነፍሴ ደረስክልኝ።

ታመነ፦ ፈርተህ ነበር?

ከድሩ፦ እኔ? ድንጋይ? [ዞር ብሎ መስኮቱን አይቶ ድምፁን ይቀንሳል] አዎ። ማታ በሰበታ በኩል ተኩስ ሰምተህ የለ? እኔም ሰምቻለሁ። መስጊዱ በር ላይ ስናገር ግን ገና አልተተኮሰም ነበር።

ታመነ፦ ታዲያ ማወቅህ ካልቀረ ያን ሁሉ ባልዲ ከቦሰና ቤት ለምን አመላለስከኝ?

ከድሩ፦ ቁጭ ብለህ እንዳታስብ ነዋ! ብታስብ ኖሮ ውሃ እንደሌለው ትደርስበት ነበር።

ታመነ፦ እኔ እኮ ደርሼበት ነው የጀመርኩት!

ከድሩ፦ ታዲያ እያወቅክ ለምን ተሸከምክ?

[ታመነ ከባልዲው ላይ ይነሳል። ጫማው ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ራቢአ መጋረጃውን አፏ ውስጥ ከትታ ትስቃለች። ይኼኔ የግቢው በር በሰፊው ይከፈትና አንድ ጋሪ ይገባል። ልጓሙን የያዙት የተፍኪው ገበሬ ኦቦ ኩምሳ ናቸው። ከኋላቸው ጃንጥላ ዘርግተው፣ ሙሽራ መስለው የተቀመጡት የራቢአ እናት ሰብሪያ ናቸው፤ ከድሩ ከተጂ ላምጣቸው ያላቸው እኒያው አማቱ።]

ሰብሪያ፦ አሰላሙ አለይኩም! ሰው የለም እዚህ ቤት?

ከድሩ፦ ወ-ወአለይኩም ሰላም! እማማ! እንዴት አድርገው መጡ? መንገዱ ተዘግቶ የለም እንዴ?

ሰብሪያ፦ የተዘጋው ለመኪና ነው። አሮጊት በጋሪ ላይ አይቶ ማን ይዘጋል? በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ ልጆቼ» ስላቸው ጋሪውን ገፍተው አሳለፉኝ። እኔስ አንተን ነበር የምጠብቀው። ሰላሃዲን ማታ ደውሎ «አማችዎ በሞተር ሊመጣ ነው፤ ያዘጋጁለት» ሲለኝ ጊዜ፣ በጠዋት መንገድ ዳር ወጥቼ ብጠብቅ ብጠብቅ የለህም። ኦቦ ኩምሳ ደረሱልኝ።

ከድሩ፦ ሞተሩ ነው እማማ፤ ሞተሩ ባይከዳኝ...

ሰብሪያ፦ እኔማ ሰጋሁልህ። በየደረስንበት ልጆቹን «ቀይ ሞተር የያዘ አማች እየመጣልኝ ነው፤ እንዳትነኩብኝ» እያልኩ ነው የመጣሁት። እነሱም ለኔ ብለው ለሞተር ማለፊያ የሚበቃ ድንጋይ ከመንገዱ አንስተው፣ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁህ አርፍደዋል።

ከድሩ፦ ድንጋዩን... አነሱት?

ሰብሪያ፦ አነሱልህ እንጂ! አንዱ እንደውም ሲቸግረው ምን አለኝ መሰለህ? «እማማ፣ ሰውየው መንገዱ ጠፍቶት ይሆን?» መንገዱ እኮ አንድ ነው፤ ያውም ቀጥ ያለ!

[ከአጥሩ ወዲያ የሰላሃዲን ሳል ወደ ሳቅ ይለወጣል። ሰብሪያ ከጋሪው ወርደው እግራቸው ጭቃ ውስጥ ጥልቅ ይላል።]

ሰብሪያ፦ ይሄ ሁሉ ረግረግ ምንድን ነው? ምን ስትሠሩ ነው የዋላችሁት?

[ከድሩ ታመነን በዓይኑ ይለምነዋል። ታመነ ግን ተጠይቋል፤ ውሸት ደግሞ አይችልም።]

ታመነ፦ የሞተሩን ውሃ ስንቀይር ነው፣ እማማ።

ሰብሪያ፦ ይሄ ሞተር ውሃ አለው እንዴ?

ታመነ፦ የለውም።

ሰብሪያ፦ እና ምኑን ነው የቀየራችሁት?

[ከድሩ የዘይቱን ሳፋ በእግሩ ወደ ሞተሩ ሥር ይገፋል።]

ሰብሪያ፦ ይሁን፤ አላህ ያውቅላችኋል። በል ከድሩ፣ እህቴ የሰጠችኝን ሽንብራ ጋሪውን ከብዶት ተፍኪ ኦቦ ኩምሳ ቤት አውርደነዋል። ሂድና አምጣልኝ።

ከድሩ፦ በደስታ ነበር እማማ፤ ግን ሞተሩ ዘይት...

ሰብሪያ፦ ሞተሩን ማን አነሳ? ከኦቦ ኩምሳ ጋር በጋሪው ትሄዳለህ። እስከዚያው ይሄ ፈረስ ደክሞታል፤ መጀመሪያ ውሃ ስጡት።

[ከድሩና ታመነ አንዱን ባልዲ እየተሻሙ ወደ ፈረሱ ይሮጣሉ። ከድሩ ቁልፉን ከእጁ አላስቀመጠም።]

ሰብሪያ፦ [ከኋላቸው እየጮሁ] ኧረ ልጆች! ኧረ እንዳትፈቱት! የሱ በአፉ ነው!