አሸዋው ላይ የቆመች የክብሪት ቀፎ

ፒያሳ ለኖረ ሰው «ትንሽ ጠጋ በሉ» ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሦስት ሰው በተሠራ የታክሲ ወንበር ላይ አራተኛው ሲመጣ ሰምተውታል፤ ለንግሥ ጊዮርጊስ ሲሄዱም ሰምተውታል። እንደኔ ጨዋ ከሆኑ ደግሞ ተጠግተዋል። እኛ ዘንድ ጨዋነት የራስን ጎን ማጥበብ ነው። አሸዋ ግን ጨዋ አይደለም። የያዘውን ግድግዳ ወደ ጎን ይገፋል፤ ምን ያህል እንደሚገፋ መለካት ደግሞ የእኔ እንጀራ ነው።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አሸዋ የሚሞላበት የመስታወት ሳጥን አለ። ዳር ላይ ያለችው የብረት ግድግዳ በብሎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ግፊቱን መለኪያው ላይ ያለ ቀስት ያሳያል።

ባለፈው ሰሞን ዶሮ ማነቂያ ሕንፃ የሚሠራ ደረጀ የሚባል መሐንዲስ እማማ አስካለን ይዞ መጣ። የእሳቸው ቤት የቆመበትን አሸዋ ደግፎ የሚይዘው ግንብ የሚሠራው ከቤታቸው ጥግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቤቴን ይንድብኛል ብለው እሪ ብለዋል። በሳይንስ ሊያሳምናቸው ነው።

ግድግዳዋ ንቅንቅ እንዳትል አጥብቄ ስለካ ቀስቱ ከፍ አለ። የደረጀ ፊት ጠቆረ፤ ብዙ ግፊት ማለት ወፍራም ግንብ ነዋ! ብሎኑን የፀጉር ያህል አላላሁት። ቀስቱ ወረደ።

«በቃ፣ ይሄንን ይጻፉልኝ!» አለኝ ደረጀ።

«ይሄ እኮ ግድግዳው ሲንሸራተት ነው።»

«ትንሽ ፈቀቅ ቢል ምን አለበት?»

ሳጥኑን እንደገና ሞልቼ፣ አሸዋው ላይ፣ ከግድግዳዋ ጥግ ባዶ የክብሪት ቀፎ አቆምኩ። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ቤት ነው» ብዬ ብሎኑን አላላሁ። ቀስቱ ወረደ፤ ቀፎዋም አዘመመች።

«ወይ ጉድ! ‹ትንሽ› ያልከው ይሄንን ነው?» አሉት ደረጀን። «ለመንገዱ ጠጋ በይ ተባልኩ፣ ተጠጋሁ። ለቧንቧው ተባልኩ፣ ተጠጋሁ። አሁን የቀረችኝ አልጋዬ ያለችበት ናት፤ ከነግድግዳዬ ልጠጋልህ?»

ደረጀ ሳቀ። «ይሄማ ይመለሳል» ብሎ ብሎኑን ራሱ ወደ አሸዋው ያጠብቀው ጀመር። ቀስቱ ተነሣ፤ መጀመሪያ የነበረበትንም አልፎ ወጣ። ቀፎዋ ግን እንዳዘመመች ነች።

«አሸዋ ሲለቁት እሺ ይላል፤ ሲገፉት ግን እንዲህ ነው» አልኩት።

«ሌላ ላቦራቶሪ እንሄዳለን!»

«ሂድ። አሸዋው እዚያም አሸዋ ነው።»

ግድግዳዋ ሳትነቃነቅ የለካሁትን ትልቁን ቁጥር ጽፌ ፈረምኩ፤ አንዱን ቅጂም ለእማማ ሰጠኋቸው።

ማታ ከእማማ ጋር አብረን ታክሲ ተሳፈርን። ወያላው አንገቱን አስገብቶ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» አለ። እኔ ከልምድ ልጠጋ ስል እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ።

«ተለክቷል» አሉት። «አንጠጋም!»